ሁለት በር ብቻ

አባዬ ቮልሱን ሊሸጥ ነው። ቤታችን ጦርነት ነው እላችኋለሁ! እኔና ወንድሜ «ሞተን ነው ቆመን!» ብለናል፤ እማዬ ደግሞ «ነገ ዛሬ ሳትሉ ሽጡት» ባይ ናት። ምክንያቷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው እስቲ ትንሽ ታሪክ እንጨዋወት።

የፈረንጅ የመኪና መጽሔቶች ሁለት በር ያላቸውን የስፖርት መኪኖች (ኩፔ የሚሏቸውን) ጎን ለጎን አቁመው «የትኛው ሲነዱት ደስ ይላል? የትኛውስ ለዕለት ኑሮ ይመቻል?» እያሉ ያፎካክራሉ። እኛም በጃንሆይ ዘመን የራሳችን ባለ ሁለት በር ተፎካካሪዎች ነበሩን፦ የጣሊያኗ ፊያት 600፣ ማለትም ሰይቼንቶ፣ እና የጀርመኑ ቮልስ። (በነገራችን ላይ የሁለቱም አገሮች እጅ ባሕር ዳር ላይ አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው በጣሊያን የጦር ካሣ ነው፤ የከተማዋን ፕላን ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጀርመኖች ነደፉት።)

ሁለቱም መኪኖች ሞተራቸው ከኋላ ነው። ሰይቼንቶ እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነች በጠባብ ቦታ እንደ ልብ ትጠመዘዛለች። አዲስ አበባም ላይ ታክሲ ሆና ለዓመታት ሠርታለች። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመሄድ ግን ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት! የፊያቷ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዳገት ውሃው ከፈላ ቆሞ መጠበቅ ነው። የቮልስ ሞተር ግን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ራዲያተር የለውም፤ የሚፈላም ውሃ የለውም። እያጓራ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። አባዬ «ቮልስ አይቸኩልም፣ አይቀርምም» የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ሦስተኛዋ! የሶቪየቷ ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ አራት በር ይዛ መጣችና የታክሲውን ሥራ ወረሰች። እስከ ዛሬ ትንሿን ታክሲ በደፈናው «ላዳ» የምንላት ለዚያ ነው።

የሁለት በርን ጣጣ ግን ከማንም በላይ ያሳየን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ በሮልስ ሮይስ መሄድ የለመዱትን ንጉሠ ነገሥት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስ ነበር። የፊቱ ወንበር ታጥፎ፣ የ82 ዓመቱ አዛውንት አጎንብሰው ወደ ኋላ… ለንጉሥም ቢሆን ሌላ መግቢያ የለም።

አሁን ወደ እማዬ። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ ስንሄድ ፊት የምትቀመጠው አያቴ ናት፤ እማዬ ከኋላ። ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ስትወርድ እግሯ ቀበቶው ላይ ተጠላለፈና በደጀ ሰላሙ ፊት በሰው መሐል ወደቀች። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን አራግፋ ገባች።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። እነዚያ ሁሉ የመኪና ፉክክሮች የሚጻፉት ከሹፌሩ ወንበር ነው። እኔም «ቮልስን የመሰለ የለም» ስል የኖርኩት መሪ ጨብጬ ነው። ከኋላ የተቀመጠውን ማን ጠየቀው?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ድምፄን ቀይሬአለሁ፤ ይሸጥ። ከመሸጡ በፊት ግን አንድ ምሽት በጣና ዳር እነዳዋለሁ። እማዬን ፊት አስቀምጬ።

ቸር እንሰንብት!