ያልተጠየቀችው ጥያቄ፦ የሆድ ሕመምና የጥንት ሙስሊም ሐኪሞች

   

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ማር ከተነጋገርን ወዲህ ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ «ሆዴን ያመኛል፤ ማር ልውሰድ ወይስ ጥቁር አዝሙድ?» የሚሉ ናቸው። ሕመሙ የት ቦታ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ሲነሳ ምን አብሮት እንደሚመጣ የጻፈልን ግን አንድም ሰው የለም። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም። ታሪክ ማውራት ግን እችላለሁ፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ ከታሪክ የሚሻል መልስ አላገኘሁም።

እንደሚታወቀው በእኛ ቋንቋ «ሆድ» የማይሸከመው ነገር የለም። ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፣ የተቀየመ ሆድ ይብሰዋል፣ ምሥጢረኛ በሆዱ ይይዛል። ሕመሙንም እንዲሁ ነው የምንጠራው። ጨጓራ፣ ሐሞት፣ ኩላሊት፣ አንጀት፣ የሴቶች ማሕፀን ሳይቀር ሁሉም «ሆዴን» ነው። ከዚህ ስፋት ውስጥ አንዱን ለይቶ ማውጣት የሐኪም ሥራ ነው፤ ይህ ሥራ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው።

ማርን በተመለከተ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ወንድሙን ሆዱ እንደሚያስቀምጠው ነገራቸው፤ እሳቸውም ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። ሰውየው ተመልሶ ባሰበት አለ። ደግመው ያንኑ አዘዙት። ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ በሽተኛው ዳነ። ኢብኑል ቀዪም (በ751 ሒጅራ የሞቱት) ይህን ሲያብራሩ፣ የዚያ ሰው ተቅማጥ ከምግብ ብዛት የመጣ እንደነበረ፣ መደጋገሙም የመድኃኒት መጠን ከበሽታው ልክ ጋር መመጣጠን ስላለበት እንደሆነ ጽፈዋል። ልብ በሉ! ታላቁ ዓሊም ሐዲሱን ካነበቡ በኋላ እንኳ የተቅማጡን ምክንያትና የመድኃኒቱን ልክ ነው የሚጠይቁት። እኛ ግን «ማር ለሆድ» ብለን ጨርሰናል። (በነገራችን ላይ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የወጣበትን ውሃና ጨው መተካት ነው፤ ለዚህም በየጤና ጣቢያው ኦ.አር.ኤስ አለ።)

ሌላም የምናርመው ነገር አለ። «ጨጓራ የበሽታ ቤት ነው» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ሐዲስ አድርገን እንጠቅሰዋለን። ሐዲስ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት እንዳብራሩት፣ የጧኢፉ ዐረብ ሐኪም የአል-ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ ንግግር ነው ተብሎ የሚወሳ ነው። ከሆድ ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ የሚለው ግን ቲርሚዚ የዘገቡት ነው።

በሰሓቦች ዘመን የሆድ ጉዳት እንዴት ይመረመር እንደነበረ የሚያሳይ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለን። በ23 ዓመተ ሒጅራ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 644) አሚረል ሙእሚኒን ዑመር (ረ.ዐ) በሱብሒ ሶላት ላይ ሆዳቸውን በስለት ተወጉ። ወደ ቤት ከተወሰዱ በኋላ ነቢዝ፣ ማለትም ተምር የተዘፈዘፈበት ውሃ፣ አጠጧቸው። በቁስሉ ወጣ። ይሁንና ነቢዝ ቀይ በመሆኑ ደም ይሁን ነቢዝ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ወተት አጠጧቸው፤ ወተቱ ነጭ ሆኖ በቁስሉ ወጣ። ያን ጊዜ አንጀታቸው እንደተበሳና እንደማይተርፉ አወቁ፤ ኑዛዜ እንዲያደርጉም ተነገራቸው። ከቀይ ወደ ነጭ መሻገራቸውን አስተውሉት። የመጀመሪያው ምርመራ ጥርጣሬ ሲተው ጥርጣሬውን የሚቆርጥ ሁለተኛ ምርመራ ፈለጉ።

ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ ባለችው በረይ ከተማ፣ በ865 ገደማ ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ ተወለደ። በረይም በባግዳድም የሆስፒታል ኃላፊ ነበር። የበሽተኞቹን ሁኔታ በማስታወሻ የመያዝ ልማድ ነበረው፤ ከሞተ በኋላ ማስታወሻዎቹ ተሰብስበው «አል-ሓዊ» የተባለውን ግዙፍ መጽሐፍ አስገኙ። በውስጡ ከሰፈሩት በሽተኞች የአንዱ ታሪክ ከሁሉም በላይ ይገርመኛል።

ሰውየው የሚመላለስ ትኩሳት ነበረበት። አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በየሦስትና በየአራት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየስድስት ቀኑ ይነሳበታል። ከትኩሳቱ በፊት ቀለል ያለ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ይለው ነበር። ቀድሞም እየቀነሰ የሚመለስ ትኩሳት ይዞት ያውቃል። ማን ቢሆን ወባ ነው ይላል፤ በቆላ አገር ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። አር-ራዚ ግን ሁለት ነገር ጠረጠረ፤ ወይ ወደ ከባዱ የአራት ቀን ትኩሳት ይዞራል፣ ወይ በኩላሊቱ ውስጥ መግል ቋጥሯል። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው መግል ሸና። ሐኪሙም ትኩሳቱ እንደማይመለስ ነገረው፤ እንዳለውም ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ አስቀድሜ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ይኮራ ነበር። አር-ራዚ የጻፈው ተቃራኒውን ነው። ገና ከመጀመሪያው ቁርጥ አድርጎ ለመናገር ያልቻለው ለምን እንደሆነ ራሱን መርምሮ ጥፋቱን አገኘው። በሽተኛው ሲቆም ወገቡ ላይ የክብደት ስሜት እንዳለበት አልነገረውም ነበር፤ እሱም አልጠየቀውም። ያቺን አንዲት ጥያቄ መዘንጋቱን በራሱ እጅ መዘገባት። ከሺህ ዓመት በላይ አልፎት ዛሬ እኛ የምናነባት የዚያ ዘመን ታላቁ ሐኪም ስላልደበቃት ነው።

ለጥንት ሐኪሞች ከሁሉ አስቸጋሪው የሆድ በሽታ ቁለንጅ ይባላል። ትልቁን አንጀት ይዞ የሚያጥፍ፣ ሰገራና ነፋስ የሚከለክል ብርቱ ቁርጠት ነው። አስቸጋሪነቱ ከኩላሊት ጠጠር ሕመም ጋር መመሳሰሉ ላይ ነበር። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ጃሊኑስ እንኳ በራሱ ገላ ተሳስቷል። በመሰርሰሪያ የሚበሳ ዓይነት ሕመም ይዞት ጠጠር ነው ብሎ ሲያምን፣ በዘይት አንጀቱን ሲታጠብ ወፍራም አክታ መሰል ነገር ወጣለትና ሕመሙ ወዲያው ለቀቀው። ጠጠር አልነበረም። ዐረብኛ የሚያነቡ ሐኪሞች ይህን ታሪክ ያውቁታል። አር-ራዚም ኢብኑ ሲናም እያንዳንዳቸው ስለ ቁለንጅ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል።

ኢብኑ ሲና (በ980 በቡኻራ አቅራቢያ የተወለደ) የራሱን የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ነው። በፈርደጃን ምሽግ አራት ወር ታስሮ በነበረበት ጊዜ ከጻፋቸው አንዱ ይኸው የቁለንጅ መጽሐፍ እንደሆነ ደቀ መዝሙሩ አል-ጁዝጃኒ ዘግቧል። «አል-ቃኑን ፊጢብ» በተባለው ትልቁ መጽሐፉም ሁለቱን ሕመሞች የሚለይበትን መንገድ ዘርዝሯል። የኩላሊቱ ሕመም እንደ ወስፌ አንድ ቦታ የሚወጋ፣ ወደ ጀርባ የሚያደላ ነው። የአንጀቱ ግን ሰፊ ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ከታች ተነስቶ ይዘረጋል፣ ነፋስና ሰገራ ሲወጣም ይቀላል። የኩላሊቱ በሽተኛ ሽንቱ ውስጥ አሸዋ መሰል ነገር ይታያል። ቁለንጅም ራሱ አንድ አይደለም፤ ከነፋስ የሚመጣ አለ፣ ከደረቀ ሰገራ የሚመጣ አለ፣ ከአንጀት ማበጥ፣ ከአንጀት መጠማዘዝ፣ ከቡአም የሚመጣ አለ። መጠማዘዝ ያለውን ቀላል አድርጋችሁ አትለፉት። የአንጀት መጠማዘዝ ዛሬም በአገራችን ሆስፒታሎች ሰዎችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያደርሱት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፈው ሰው በምን ሞተ? በዚያው በቁለንጅ ነው።

አል-ጁዝጃኒ አብሮት ስለነበረ ታሪኩን ሳይሸሽግ አስቀምጦልናል። ኢብኑ ሲና ከኢስፋሃኑ አሚር ከዐላኡ ደውላ ጋር ዘመቻ ላይ ሳለ ሕመሙ ያዘው። ጦሩ ቢሸነፍና ሽሽት ቢመጣ በሽተኛ ሆኖ ወደ ኋላ መቅረትን ፈራ። ቶሎ ለመዳን ሲል በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ አንጀቱን በመድኃኒት አጠበ። አንጀቱ ቆሰለ። ያም ሆኖ መጓዝ ነበረበት። ቀጥሎ ነፋሱን ለመስበር ሁለት ዳኒቅ የከረፍስ ዘር በማጠቢያው ውስጥ እንዲጨመር አዘዘ፤ የሚያክመው ሐኪም ግን አምስት ዲርሃም ጨመረበት። ዳኒቅ የዲርሃም አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ይህ የታዘዘው አሥራ አምስት እጥፍ ነው! አል-ጁዝጃኒ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ስላልነበረ ሆን ተብሎ ይሁን በስሕተት አላውቅም ይላል። ቁስሉ ባሰበት። በዚህ ላይ ገንዘቡን የሰረቁ አገልጋዮቹ እንዳይጠየቁ ሞቱን ፈልገው በሚወስደው ድብልቅ መድኃኒት ውስጥ ብዙ ኦፒየም ጨመሩበት።

ተሸክመው ኢስፋሃን አደረሱት፤ ትንሽ ተሻለውና ተነሳ። ግን ራሱን አይጠብቅም ነበር፤ ይድናል፣ ያገረሽበታል። እንደገና ከአሚሩ ጋር ወደ ሐመዳን ሲሄድ መንገድ ላይ ተመልሶ ያዘው። ሐመዳን ሲደርስ ሰውነቱ ከእንግዲህ ሕክምና እንደማይረዳው አውቆ ማከሙን ተወ። በ428 ሒጅራ (1037) በረመዳን ወር ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ሐመዳን ነው። መጽሐፉ ግን ቀጠለ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ የአውሮፓ የሕክምና ተማሪዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ተምረውበታል።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህ ሊቃውንት የበሽታን ሥር ያስረዱበት የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት ዛሬ ተትቷል። በዘመናችንም ቢሆን ብዙ ተሳስተናል። የጨጓራ ቁስል ከጭንቀት፣ ከአሲድና ከበርበሬ ነው ሲባል ስንት ዘመን ቆየ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል አብዛኛው የጨጓራና የቀጭኑ አንጀት መነሻ ቁስል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው፤ ጨጓራውም ተቆጣ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አሁን በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፤ በታዘዘው ልክና ቀን በሚወሰድ መድኃኒትም ይድናል። እዚህ ላይ ለመገጣጠሚያና ለራስ ምታት ከፋርማሲ እየገዛን የምንውጣቸው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ጨጓራን እንደሚያቆስሉ ልንገራችሁ። ሐኪሙ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» የሚለው ለዚህ ነው፤ አትደብቁት።

አገራችንም የራሷ የሆድ መድኃኒት ነበራት። ኮሶ ለኮሶ ትል አባቶቻችን ለዘመናት ወስደውታል፤ ለዚያ ትል ደግሞ ይሠራ ነበር። ችግሩ ኮሶውም ፌጦውም ለማንኛውም ሆድ ሲሰጥ ነው።

ይህን የምለው ካየሁት ተነስቼ ነው። ልጅ ሆኜ በገጠር ስቀራ አብሮኝ የሚያድር ደረሳ አንድ ቀን ጠዋት እምብርቱ አካባቢ አመመው። ምች ነው ተባለ። ፌጦ በጥብጠን አጠጣነው፤ አስታወከው። ለዐስር ሶላት ስንነሳ በቀኝ በኩል ወደ ታች ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሁላችንም አይተናል፤ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። በማግስቱ የሚያስቀምጥ ነገር ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ጣውላ ጠጥሮ፣ ትኩሳቱ እንደ እሳት ሆኖ በቃሬዛ ወደ ከተማ ወረድን።

የተቀበለን ሐኪም ከመንካቱ በፊት እኛን ጠየቀን። መጀመሪያ የት ነው ያመመው? ቦታ ቀይሯል? የቱ ይቀድማል፣ ሕመሙ ወይስ ትውከቱ? ሰገራና ነፋስ ወጥቶለታል? ምን አጠጣችሁት? ስንመልስለት ገና ሳይጨርሰን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል አለ። የሚያስቀምጠውን መድኃኒት ስንነግረው ዝም ብሎ አየን። ከእምብርት ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድ ሕመም የትርፍ አንጀት ምልክት እንደሆነ፣ እንዲህ ላለው ሰው የሚያስቀምጥ ነገር መስጠት እንደሚያባብሰው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ድኖ ተመለሰ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ቤቱ ስሄድ አንዱ ልጅ «ሆዴን» ብሎ ሲያለቅስ ከምግቡ ላይ ተነስቶ ሲንበረከክለት አይቻለሁ። «በጣትህ አሳየኝ» አለው። «ጠዋትስ እዚሁ ነበር?»