ልብስና ቤት በታሪክ ድራማ ውስጥ የሰውን ማዕረግ እንዴት እንደሚገልጡ

በድሮ ዘመን ታሪክ ላይ የተመሠረተ ድራማ በመድረክም ሆነ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ ተዋናዩ ገና አንዲት ቃል ሳይናገር ተመልካቹ ጌታውን ከሎሌው ይለያል። የሚለይበትም ምክንያት ልብሱና ያለበት ቤት ነው። በአገራችን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር በ1948 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ብዙ የታሪክ ድራማ ቀርቧል። ነገር ግን ልብሱና ቤቱ በጥንቃቄ ካልተመረጡ፣ ንግግሩ እውነት ሆኖ ሳለ የሚታየው ሐሰት ይሆናል።

በቀድሞው ዘመን ማዕረግ የሚታወቀው በልብሱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአለባበሱም ጭምር ነበር። ሎሌ በጌታው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡን ይታጠቅበታል፤ ይህም ማደግደግ ይባላል። ታላቁ ሰው ግን ትከሻውን እንደ ሸፈነ ይቀመጣል። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ ነበር፤ በወርቅ የተጠለፈ ካባም ከንጉሥ እጅ የሚገኝ ሽልማት ነበር። እንግዲህ በድራማው ላይ ጌታውም አሽከሩም እኩል ተከናንበው ቢቆሙ ታሪኩ ተበላሸ ማለት ነው። እንዲሁም ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወታደር ይለብሱ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ሁልጊዜ በከፈይ ካባ ብቻ ቢታዩ፣ ከጠባያቸው አንዱ ታላቅ ክፍል ይጠፋል።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ጅማ እንመለስ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ገዝተዋል። ያለ ጦርነት ለምኒልክ በመገበራቸው ጅማ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ኖራለች። በእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም ቆሟል። ቦታው ራሱ ስለ ማዕረግ ይናገራል፤ ንጉሡ ከላይ፣ የሒርማታ ገበያ ከታች። በሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው ግቢውን ቁልቁል ያያል፤ በግቢው ያለው ግን አንገቱን ማቅናት አለበት። በዚያ ስፍራ ድራማ ቢዘጋጅ ደረጃው ብቻ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ነገር ግን የጅማን ንጉሥና መኳንንቱን የሸዋን ቤተ መንግሥት ልብስ እንዳለ ማልበስ ስሕተት ነው። ጅማ የእስላም መንግሥት ስለ ነበረች ጥምጥሙና የመስጊዱ ስፍራ ሊዘነጉ አይገባም። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማም በአገሩ ቤት ውስጥ ሊታይ ይገባዋል።

ከዚህም ሁሉ የሚከብድ አንድ ነገር አለ። በሒርማታ ገበያ ከቡናና ከማር ጋር ሰው ይሸጥ ነበር፤ የመኳንንቱም እርሻ በባሮች ጉልበት ይታረስ ነበር። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ታዲያ የንጉሡን ግርማ ብቻ አሳይተን፣ እንጨት ፈላጩንና ውኃ ቀጂዋን አዲስ ነጭ ቀሚስ አልብሰን ብናቀርብ ማንን እናከብራለን? የተቀደደው ልብስ ከመድረኩ ሲወገድ፣ ያን የለበሰውም ሰው ከታሪክ ይወገዳል።

በኋለኛው ዘመን የቡና ከተሞችም ነገሩ ይኸው ነው። በአጋሮና በሊሙ ገነት የቆርቆሮ ጣሪያና የሣር ክዳን፣ ኮትና ያረጀ ጋቢ፣ ጫማና ባዶ እግር የሰውን ኑሮ ይለዩ ነበር። የቡና ነጋዴው በበረንዳው ላይ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ፣ ለቃሚው ደግሞ እግሩ ጭቃ እንደ ያዘ ጆንያውን ተሸክሞ ቢታይ፣ ማን ጌታ ማን ሠራተኛ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የታሪክ ድራማ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ልብስ ከመዋሳችሁ በፊት ወደ ጅሬን ውጡ፤ በጅማ ሙዚየም ያለውን የንጉሡን ዕቃ ተመልከቱ፤ ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። ስትጠይቁም ንጉሡ ምን ይለብስ እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ በሩን ይከፍትለት የነበረው ሰው ምን ይለብስ እንደ ነበረ ጨምራችሁ ጠይቁ።