የከበደ ሚካኤል አስተዳደግና ለልጆች ያበረከቱት ንባብ

ስለ ዘመናዊ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲነገር የከበደ ሚካኤል ስም አብዛኛውን ጊዜ ከተውኔትና ከትርጉም ሥራዎቻቸው ጋር ይነሣል። በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ላለፉት ትውልዶች ግን ደራሲው ከሁሉ አስቀድሞ የ«ታሪክና ምሳሌ» ሰው ናቸው። ይህ መጽሐፍ በሕፃናት አንደበት እንዲህ የገባበትን ምክንያት የሚሻ ሰው፣ ፊቱን ወደ ደራሲው አስተዳደግ ቢመልስ ይቀናዋል።

ከበደ ሚካኤል በ1900ዎቹ ዓ.ም. በመንዝ ምድር፣ ግርም ገብርኤል በተባለው ስፍራ ተወለዱ። ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ የተዘረጋው ይህ ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው፤ ብርዱ ብርቱ በመሆኑም ሕዝቡ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደርባል። በዚያን ዘመን ለአካባቢው ልጅ ከቤተ ክህነት ደጅ በቀር ሌላ የዕውቀት በር አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ወንጌል፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። በዚህ ሥርዓት መጽሐፍ በድምፅ የሚወጣ፣ በቃል የሚያዝ ነገር ነው። ሕፃኑ የግእዙን ዜማና ምት በጆሮው ያሳድራል፤ የቃሉ ፍች ግን የሚደርሰው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ለብዙዎችም ከነጭራሹ አይደርስም። ከበደ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የቀሰሙት ከዚህ ምንጭ ነው።

ኋላም አዲስ አበባ ገብተው በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና በላዛሪስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተማሩ። በፈረንሳዮች የትምህርት ልማድ፣ የ17ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ላ ፎንቴን ከኤዞጵ ወስዶ በግጥም የደረሳቸውን የእንስሳት ተረቶች ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይወጣል። እነሆ፣ የመንዙ የቄስ ትምህርትና የፈረንጁ ትምህርት በቋንቋና በዓላማ የቱንም ያህል ቢራራቁ በዚህ አንድ ነገር ይገናኛሉ፤ በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ተማረ አይባልም። ልዩነታቸውም የሚታየው እዚሁ ላይ ነው። የፈረንሳይ ልጅ የሚደግመው በእናቱ ቋንቋ የተነገረውን የቀበሮንና የቁራን ወሬ ነው፤ የኢትዮጵያ ልጅ የሚደግመው ግን ቤቱ የማይነገርበትን ግእዝ ነው። ከበደ ሚካኤል በሁለቱም በኩል ስላለፉ ክፍተቱን ከማንም ይልቅ ለማየት የተመቻቸ ስፍራ ላይ ነበሩ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባርሮ ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲከፈቱ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች ንባብ እጅግ ጥቂት ነበር። በትምህርት ሚኒስቴርም ያገለገሉት ደራሲ «ታሪክና ምሳሌ»ን በተከታታይ መጻሕፍት አቀረቡ። ስንኙ አጭር፣ ቤቱ የሚመታ፣ ለአፍ የሚቀል ነው። ተረቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም እንኳ ድምፁ የአገር ቤት ድምፅ ነው።

ለዚህ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ጥሩ ምስክር ይሆናል። አዝማሪው ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ ቆሞ፣ እንዲያሳልፈው ውሃውን በመሰንቆ ያሞግሳል፤ መንገደኛም ደርሶ የሚያሞግሰው ውሃ ዘወትር እያለፈ እንደሚሄድና እንደማይሰማው ይነግረዋል። መንዝ በሞፈር፣ በአዳባይና በወንጭት የታጠረ ምድር ነው። የክረምት ሙላት መንገደኛን ማገቱ ለዚያ አገር ልጅ የዓመት ዓመት ነገር ነው፤ አዝማሪም ጌታን አሞግሶ እንጀራውን መብላቱ እንዲሁ። ግጥሙ ወንዙን በስም አይጠራም፤ የደጋ ልጅ ግን የትኛው ወንዝ ነው ብሎ ሳይጠይቅ ይገባዋል። ስለማይሰማ ባለሥልጣን የተነገረ ነው ብሎ የሚያነብ ዐዋቂ ቢኖርም አልተሳሳተም።

ሆኖም አስተዳደጋቸው ያወረሳቸው ሁሉ ለሕፃን የተመቸ አይደለም። የቤተ ክህነት መምህር ንባቡን በትርጓሜ እንደሚያትት፣ ከበደም ተረቱን በምክር ይዘጋሉ፤ ልጁ ራሱ ሊደርስበት የሚችለውን ፍች ቀድመው ይነግሩታል። ማታ በምድጃ ዙሪያ በሚነገረው ተረት ጦጣ ጅብን አታልላ ታመልጣለች፤ ልጆችም ስቀው ይተኛሉ፤ ምክር አይጠየቅም። ይህ ሣቅ በ«ታሪክና ምሳሌ» ገጾች ላይ ስስ ነው። ደራሲው ኅዳር 3 ቀን 1991 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የምክር ሰው እንደሆኑ ኖሩ፤ የምድጃውን ዳር ሣቅ ወደ መጽሐፍ የማምጣቱ ሥራ ለሌሎች ቀረ።