ድሩን ማን ያያል?

«ኧረ መላ መላ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ዶርዜ ላይ፣ በአጎቴ የሽመና ቤት ውስጥ ነው። አጎቴ እንደ ብዙዎቹ የመንደሩ ልጆች በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሸምን ኖሯል። ሲመለስ ይዞት ከመጣው ንብረት መካከል አንድ ቴፕና አንድ ካሴት ነበሩ፤ በካሴቱ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ማህሙድ አህመድ» ብቻ ነው። ከሸክላ የተቀዳ፣ በየመሐሉ እንደ ጠብታ የሚንጣጣ ካሴት ነበር። አንድ ቀን «የማህሙድ ድምፅ እንዴት ያምራል!» ስለው መወርወሪያውን ሳያቆም፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ጥለቱን ያያል፤ ድሩን ማን ያያል? ጊታሩን ስማ» አለኝ።

እነሆ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጊታሩን እሰማለሁ።

ጊታር በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ቀድሞ ቤቱን የያዘው ናስ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች (አርባ ነበሩ፤ ቁጥሩ ለእኛ ለአርባ ምንጭ ሰዎች ሳይጠሩን አቤት የሚያሰኝ ነው) ጥሩምባና ትሮምቦን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከእነርሱ በኋላ የክቡር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ኦርኬስትራዎች ሁሉ በመለከት ደመቁ። ድምፃዊው ከፊት ይቆማል፣ ናሱ ከኋላ እንደ ሰልፈኛ ይከተለዋል። ማህሙድ ራሱ የዚህ ቤት ልጅ ነው። በመርካቶ ሊስትሮ ሆኖ ያደገው፣ በአሪዞና ክለብ በተላላኪነት ሲሠራ ዘፋኝ የቀረ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ የዘፈነው ወጣት፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1974 የዘፈነው ከክቡር ዘበኛ ጋር ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የዘበኛው ቤት ተናጋ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽቱ ከተማ በጊዜ መተኛት ጀመረ። ለሸክላችን በር የከፈተው አምሃ እሸቴም እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ። በዚያው ዓመት ነው እንግዲህ አሊ አብደላ ካይፋ፣ አዲስ አበቤ «አሊ ታንጎ» የሚለው ነጋዴ፣ «ኧረ መላ መላ»ን በካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው። ማህሙድን ያጀበው ግን ኦርኬስትራ አልነበረም። አይቤክስ የሚባል፣ በራስ ሆቴል የሚጫወት አነስተኛ የወጣቶች ባንድ ነበር፤ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ፈቃዱ አምደ መስቀል በሳክስፎን።

ዘመኑን ያየ ሰው ርዕሱን ሰምቶ «መላ ፍለጋው ለአገር ነው» ማለት ይቀናዋል። እኔ ግን አልስማማም። ዘፈኑ የፍቅር ዘፈን ነው፤ የፍቅርን ጭንቅ ከአብዮት ጭንቅ ማሳነስም ተገቢ አይመስለኝም። ይልቅስ ዘመኑ በሙዚቃው ውስጥ የሚሰማው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰልፉ ፈርሶ ጥቂት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው የተቀመጡ ያህል።

ጊታሩ ምን ያደርጋል? አንዲት አጭር ሐረግ ያነሣል፣ ይደግማታል፣ በጥቂቱ ያጣምማትና መልሶ ያነሣታል። የምዕራቡ ጊታር እንደሚያደርገው ኅብረ ድምፅ ደራርቦ ለዘፋኙ መደብ አያነጥፍለትም። የሚሄደው በነጠላ ክር፣ በአምስቱ ድምፆች ላይ ነው። ክራር የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ የእኛው የክራር ግርፍ በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ተቀምጦ ነው። ማህሙድ ትንፋሹን ሲስብ ጊታሩ አያርፍም፤ ማህሙድ ሲጮህም ጊታሩ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዜማው ረዘም ይላል፣ ግን አንድም ቦታ የደረሰ አይመስልም። መላ የሚጠይቅ ሰው መላውን ካላገኘ ጥያቄውን ከመድገም ሌላ ምን ያደርጋል? ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላም የማይሰለቸን፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጊታሩ መልስ አግኝቻለሁ ብሎ ስላልዋሸን ነው።

የአጎቴ ጆሮ ይህን ቀድሞ ማወቁ ዛሬ አይገርመኝም። በጋሞ ደጋ፣ በተለይ በዶርዜ፣ ወንዶች ተሰብስበው ሲያዜሙ አንድ መሪና ብዙ ተቀባይ ብቻ አይደሉም። አንዱ በወፍራም ድምፅ ሲዘልቅ ሌላው በቀጭኑ ይቆርጠዋል፤ ሦስተኛው የራሱን መንገድ ይዞ ይገባል፤ ዜማው የሁሉም ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያው ቀርጾት በሸክላ አሳትሞታል። ማለትም ማህሙድና አይቤክስ በከተማ ሲቀዱ፣ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የዶርዜ ሽማግሌዎችም ይቀዱ ነበር። አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። በዚህ ዜማ ውስጥ ያደገ ሰው ጊታርን አጃቢ ብሎ አይጠራም፤ ሁለተኛ ዘፋኝ ይለዋል።

የአልበሙ ቀሪ ታሪክ በአብዛኛው የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማህሙድን ሸክላ ሰማና እንቅልፍ አጣ፤ በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅግ አሳታሚ ለአውሮፓ አወጣው፤ በ1999 የ«ኢትዮፒክስ» ሰባተኛ ቅጽ በዚሁ ስም ለማህሙድ ብቻ ተሰጠ፤ በ2007 ማህሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። አውሮፓውያን አገኘነው ማለታቸው ደስ የማይለው ወገን አለ። እኔን ብዙም አይከነክነኝም፤ ሽሮ ሜዳ ላይ በሽመና ድምፅ ታጅቦ የሚሰማ ዜማ ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ አይደለምና።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ኮንጎዎች ፍራንኮን ሲያነሡ ጊታሩን ያነሣሉ፤ ሰውየው ጊታር ይዞ ነው ንጉሥ የሆነው። በእኛ ዘንድ አይቤክስ ሮሃ ባንድ ሆኖ በመቶ የሚቆጠሩ ካሴቶችን አጀበ፤ የአንድ ትውልድ ፍቅርና ሠርግ በእነዚያ ጣቶች ላይ አለፈ። ሰላም ስዩም ይባስ ብሎ የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ራሱ በጥናት ጽፎልናል። ሆኖም የትኛውም ሻይ ቤት ገብታችሁ «ይህን ዘፈን የሠራው ማን ነው?» ብትሉ የምትሰሙት የአንድ ሰው ስም ነው። እኔ በምሠራበት ሙያ ገንዘብ ገብቶ ባለቤቱ ካልታወቀ የቀኑ ሒሳብ አይዘጋም፤ እስከ ምሽት ቁጭ ብለን እንፈልጋለን።

በጥር 2017 ዓ.ም. ማህሙድ በሚሌኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አቀረበ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በእንባ ቆመለት፤ የሚገባውም ነው። በማግሥቱ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ይህንኑ ዘፈን ከፍቶ አገኘሁት። በስተግራ አባያ እንደ ወትሮው ቀልቷል፣ በስተቀኝ ጫሞ ነጭ ሰማያዊ ሆኗል። «ጊታሩን ስማው እስቲ» አልኩት። መስተዋቱ ውስጥ ተመለከተኝና ድምፁን ጨመረው።

የአጎቴ ካሴት ዛሬ እኔ ዘንድ ናት፤ ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል። በዚያው ሳምንት ወረቀቷን አውጥቼ «ማህሙድ አህመድ» ከሚለው በታች በእርሳስ ጻፍኩበት፤ ሰላም ስዩም፣ ጊታር። ጆቫኒ ሪኮ፣ ቤዝ። ፈቃዱ አምደ መስቀል፣ ሳክስፎን።