ሙዝና ዳጉሳ የሚጠመቅበት ተራራ

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትንንሽ ጠማቂዎች ማንጎ፣ አናናስና ፓሽን ፍሩት የገባበት፣ በራሱ የሚፈላ ኮምጣጣ ቢራ በገበያቸው ማስተዋወቅ ከጀመሩ ጥቂት አሥርተ ዓመታት ቢሆናቸው ነው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ወገብ የሚኖሩት ቻጋዎች ግን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመኖች አገሩን ከመያዛቸው በፊት ከበሰለ ሙዝ እንዲህ ያለ መጠጥ ይጠምቁ ነበር። ስሙ ምቤጌ ነው።

አጠማመቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። የበሰለው ሙዝ ተልጦ በትልቅ ድስት ለሰዓታት ይቀቀላል፤ መልኩ ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ይወርድና ተከድኖ ለቀናት ይቀመጣል። እርሾ የሚጨምርበት የለም። ከአየሩና ከዕቃው የሚገቡት እርሾዎች የሙዙን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጡታል፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። በጎን ዳጉሳው ተነክሮ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። የብቅሉ ዱቄት ቀጠን ተደርጎ ይገነፋና ምሴሴዌ ከተባለ ዛፍ የተላጠ ቅርፊት መራራነቱን ይሰጠዋል፤ ጌሾ ለጠላ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የተጠለለው የሙዝ ውሃና ይህ ገንፎ ሲቀላቀሉ መጠጡ በማግስቱ ይደርሳል።

የጎጃምን የዳጉሳ ጠላ የሚያውቅ ሰው ምቤጌ ባዕድ አይሆንበትም። መጀመሪያ የሙዙ ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕም ይመጣል፤ ሲዋጥ የቅርፊቱ ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መጠጡ ወፍራም ነው፤ የዳጉሳው ብጥስጣሽ በቅሉ አፍ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጥርስ መሃልም ይገባል። አንድ ቅል በብዙ እጅ ይዞራል። ለእንግዳ ከመሰጠቱ በፊት አቅራቢው ራሱ ይጎነጫል፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ የነበረ ልማድ ነው።

ምቤጌን የተራራው ታሪክ አካል ያደረገው ግን ጣዕሙ ብቻ አይደለም። ሙዙ በየቤቱ ዙሪያ፣ ኪሃምባ በሚባለው የቤተሰብ ይዞታ ላይ ይበቅላል። ዳጉሳው ደግሞ ዝቅ ባለው መሬት በበጋ ይዘራ ስለነበር ያለ መስኖ አይደርስም ነበር። ቻጋዎች ከተራራው ወንዞች ውሃ ጠልፈው፣ በገደል አፋፍ እየመሩ እስከ ማሳው የሚያወርዱ ቦዮች ቆፍረዋል፤ የአውሮፓ ተጓዦችም በዚህ ሥራ ተደንቀው ጽፈዋል። ከቦዩ ጥገና የቀረ ሰው ቅጣት ይጣልበት ነበር፤ ከቅጣቱም አንዱ ምቤጌ ነበር። እንግዲህ ውሃው ዳጉሳ ያበቅላል፣ ዳጉሳው ምቤጌ ይሆናል፣ ምቤጌውም ተመልሶ ውሃውን የሚጠብቀውን ማኅበር ያጠናክራል። እንዲህ የተሰናሰለ ሥርዓት የሠሩ ገበሬዎች ሊደነቁ ይገባል።

ጋብቻም ያለ ምቤጌ አይጸናም። የወንዱ ወገን ለጥሎሽ መጠጥ በየደረጃው ይዞ ይሄዳል። የተጣላ ሰው ኢሳሌ የሚባለውን ቅጠል ይዞ ይቅርታ ይለምናል፤ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁም ቅሉ መሃል ይቀመጣል። ጠማቂዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በገበያ ቀን ሸጠው የሚያገኙት ገንዘብም ብዙ ቤት ያስተዳድራል።

ከዚያ ቡና መጣ። ከኢትዮጵያ ደኖች የተነሣው አረቢካ ባሕር ተሻግሮ ከተላመደ በኋላ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ወደ ኪሊማንጃሮ አስገቡት። ቻጋዎች እ.ኤ.አ. በ1925 የቡና አምራቾች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1933 ደግሞ እስከ ዛሬ ያለው የኪሊማንጃሮ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ተመሠረተ። ቡናው ከሙዙ ጥላ ሥር ስለተተከለ ሙዙን አላፈናቀለውም። ለትምህርት ቤት ክፍያና ለቆርቆሮ ቤት የሚሆን ገንዘብም አመጣ። የተጎዳው ዳጉሳው ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምርና የታችኛው መሬት ለበቆሎ ሲውል በቦይ የሚጠጣው የዳጉሳ ማሳ ጠበበ። ዛሬ ብዙ ጠማቂዎች ዳጉሳውን ከገበያ ይገዛሉ።

ምቤጌ በቶሎ ይኮመጥጣልና እንደ ጠርሙስ ቢራ ባሕር ማዶ አይላክም። ሊቀምሰው የሚፈልግ አንባቢ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ወዳሉት ወደ ሞሺ ወይም ወደ ማራንጉ ሲሄድ የገበያውን ቀን ይጠይቅ፤ ትኩሱ የሚገኘው በዚያ ቀን ነው።