የጭምብል ክልከላ ሕግ
የጭምብል ክልከላ ሕግ በአደባባይ ፊትን መሸፈንን የሚከለክል ሕግ ነው። በአሜሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ በኒው ዮርክ ክፍላገር በ1845 እ.ኤ.አ. ወጣ። ምክንያቱ የመሬት ኪራይ አንከፍልም ያሉ ጭሰኞች ጭምብል አጥልቀው በሹማምንት ላይ መነሣታቸው ነበር።

በደቡብ ክፍላገሮች ግን ሕጉ ያነጣጠረው ጥቁር አሜሪካውያንን ያሸብር በነበረው በኩ ክላክስ ክላን ላይ ነው። የክላኑ ጭምብል ተጠቂውን ያስፈራል፤ አጥቂውንም ከፍርድ ይሰውራል። ጆርጂያ በ1951 ያወጣችው ሕግ በአደባባይ ማንነትን በጭምብል መደበቅን ይከለክላል። የበዓል አልባሳት፣ ለሥራ ደኅንነት የሚደረግ መሸፈኛና የትያትር ጭምብል ግን ተፈቅደዋል።

በ1990 አንድ የክላኑ አባል ጭምብል አድርጎ በመገኘቱ ተከሰሰና ሕጉ የመናገር ነጻነቴን ይጥሳል ሲል ተከራከረ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን አጸና፤ ነገር ግን ወሰኑን አጠበበው። ጭምብል ያስቀጣል የተባለው ለባሹ ድርጊቱ ሌላውን እንደሚያስፈራ ሲያውቅ ወይም ማወቅ ሲገባው ነው። ካባውንና ቆቡን መልበስ አልተከለከለም፤ ፊቱ ብቻ መታየት አለበት።

የኒው ዮርኩ ሕግ በ2020 ተሻረ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መንግሥት ራሱ አፍና አፍንጫ እንዲሸፈን አዝዞ ነበርና።