ከኤዶ እስከ ሰመራ፤ በአዋሽ ሸለቆ ወጣቶች ስለ መሬት ጥበቃ የተማሩበት ታሪክ

ስለ መሬትና ስለ ዛፍ ጥበቃ ወጣቶችን ማሠልጠን በአገራችን አዲስ ሥራ ተደርጎ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰማል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የአዋሽን ሸለቆ ምሳሌ አድርገን፤ ይህ ትምህርት ከዘመናዊ ትምህርት ቤት አስቀድሞ የነበረ መሆኑን፤ ከዚያም በኋላ የመጡት የመንግሥት ዕቅዶች ከነባሩ ትምህርት ጋራ ለምን ሳይገናኙ እንደቀሩ ለማሳየት እንሞክራለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው አዋሽ ከሸዋ ደጋ፤ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ የተራራው ሰውና የቆላው ሰው ባይተዋወቁ እንኳ በአንድ ውሃ የተያያዙ ናቸው። በደጋ ዛፉ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ በደለል መጐዳቱ ለዚህ ምስክር ነው። በደጋ ዝናብ ሲበረታም ጐርፉን የሚቀበለው ቆላው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከአፉ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል።

በአፋር ዘንድ የመሬት ጥበቃ ትምህርት በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ኤዶ ነው። ከብቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ብርቱ ወጣቶች ተልከው ሣሩን፤ ውሃውን፤ የከብት በሽታና የጠብ ሥጋት መኖር አለመኖሩን አይተው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ዳጉ ነው። መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ ይለዋወጣሉ፤ ወሬ ማዛባት ነውር ነውና። ሦስተኛው ፊዕማ ነው። ይህ የእኩዮች ማኅበር በአለቃው እየተመራ ሽማግሌዎች በባሕላዊው ሕግ የወሰኑትን ያስፈጽማል፤ ያጠፋውንም ይቀጣል። እንግዲህ ወጣቱ ማየትን ከኤዶ፤ እውነት መናገርን ከዳጉ፤ ሕግ ማክበርንና ማስከበርን ከፊዕማ ይማር ነበር ማለት ነው።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ ከመንገዱ ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ ከተማውም የተስፋፋው በጣቢያው ዙሪያ ነው። ዳሩ ግን የሸለቆውን ኑሮ በብዙ የለወጠው በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የጥጥና የሸንኰራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ። ይህ መሬት ለአርብቶ አደሩ ባዶ ሜዳ አልነበረም፤ በበጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ ከብቱ የሚጠጋበት የክፉ ቀን ግጦሽ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ከብቱ የሚሸሽበት ስፍራ ጠበበ፤ እልቂቱም ከባድ ሆነ።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ በ1958 ዓ.ም. ገደማ ተቋቁሞ፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ። የዱር አራዊቱን ከጥፋት ለማዳን የታሰበ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከረዩ፤ ኢቱና አፋር ከብት ያሰማሩበት የነበረውን መሬት የሚመለከት ስለሆነ፤ ጥበቃ ማለት ለአካባቢው ወጣት ከአባቱ ከብት ፊት ቆሞ መከልከል ማለት ሆነ። ፊዕማ የራስን ሕግ በራስ ላይ ሲያስከብር፤ የፓርኩ ዘብ ግን ከውጭ የመጣን ሕግ ያስከብራል። ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው።

የተማረው ወጣትስ ምን አደረገ? በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያገለግሉበት ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተሰማሩ። ነገር ግን የዚያ ዘመቻ ዋና ጕዳይ የአራሹ መሬት ነበር፤ ከሣር ወደ ሣር ለሚዘዋወረው ሕዝብ ሳይሆን በሬ ጠምዶ ለሚያርሰው የታሰበ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የፕሮሶፒስ ነገር ነው። ይህ እሾኻም ዛፍ በ1970ዎቹ ዓመታት በመካከለኛው አዋሽ ለጥላ፤ ለነፋስ መከላከያና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ተተከለ። ፍሬውን ከብት እየበላ ዘሩን በፋንድያው አሰራጨው፤ ዛፉም ግጦሹንና የውሃውን መንገድ ወረረ። አፋሮች በጊዜው ለነበረው መንግሥት ሰጥተው የደርግ ዛፍ ብለውታል። ተካዩ የተማረ፤ ዓላማውም ጥበቃ ነበር። የጐደለው፤ ከብቱ ምን እንደሚበላና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው የኤዶ ልጅ ምክር ነው።

ዛሬ የአፋር ርእሰ ከተማ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ተዛውሯል፤ በዚያም ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ በየክረምቱ በመላ አገሪቱ ይተከላል።

በእርግጥ ኤዶና ፊዕማ ብቻቸውን ይበቃሉ አንልም። ኤዶ የሚጠቅመው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው፤ ዛሬ እርሻና ግጭት መንገዱን ዘግተውታል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. እንደታየው ድርቅም የአየሩ ጠባይ ሲለዋወጥ የአባቶችን ስሌት ያሳስታል። ስለዚህ የዝናብ መለኪያውና የአፈር ምርመራው አስፈላጊ ነው። እኛ የምንለው፤ ሠልጣኙ ሁለቱንም ይያዝ ነው። በጊንጪ እርከን የሚሠራው ወጣት ደለሉ የት እንደሚወርድ በዓይኑ ይይ፤ የሰመራው ተማሪም ጐርፉ ከየት እንደሚነሣ ወጥቶ ይመልከት። የሥልጠናውም ፍሬ በተተከለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን፤ ከሁለትና ከሦስት በጋ በኋላ ቆሞ በተገኘው ዛፍና ለከብቱ በተረፈው ሣር ይመዘን። የአዋሽ ሸለቆ የስድሳ ዓመት ታሪክ ይህን ሳያደርጉ የተጀመረ ጥበቃ ራሱ ሌላ ጥበቃ የሚያሻው ጥፋት ሊሆን እንደሚችል አሳይቶናል።